አሥራ አራቱ ስሞች፦ የጦር ወንጀለኞች ያሱኩኒ መቅደስ እንዴት ገቡ?

ኦክቶበር 17 ቀን 1978 ቶኪዮ መሃል ባለው፣ በጦርነት የሞቱ ሰዎች በሚከበሩበት የያሱኩኒ መቅደስ አንድ ሥርዓት ተካሄደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መግለጫ አልወጣም፣ ጋዜጠኛም አልተጠራም። በመቅደሱ የነፍሳት መዝገብ ላይ 14 ስሞች ተጨመሩ። በሺንቶ፣ በጃፓን ነባር እምነት፣ መሠረት እነዚህ ሰዎች ከዚያች ቀን ጀምሮ «ካሚ» ሆኑ፤ ሰው እጁን አጨብጭቦ የሚሰግድላቸው መናፍስት ማለት ነው። ሕዝቡ ይህን የሰማው ከስድስት ወር በኋላ ነው። አፕሪል 19 ቀን 1979 ጋዜጦች አወጡት።

ከ14ቱ አንዱ ጃፓንን ይዞ ፐርል ሐርበር ላይ ጦርነት የከፈተው ጠቅላይ ሚኒስትር ሂዴኪ ቶጆ ነው። ሌላው በቻይናዋ ናንጂንግ ወታደሮቹ ሲቪሉን ሲጨፈጭፉ ማስቆም ሲገባው ያላስቆመው ጄኔራል ኢዋኔ ማትሱዪ። ሁሉም የተከሰሱት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሸናፊዎቹ አገሮች ባቋቋሙት የቶኪዮው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ነው።

ስለ ያሱኩኒ ሲወራ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ሄደ፣ ቤጂንግ ተቆጣች፣ ሴኡል አምባሳደሩን ጠርታ ተቃወመች። ከዚያ ሁሉም ይረሳዋል፤ ጃፓን እጅ የሰጠችበት ቀን እስከሚታሰብበት እስከሚቀጥለው ኦገስት። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ስሞቹ እዚያ የደረሱበት መንገድ ነው። ፓርላማው አልወሰነም። ካቢኔው አልወሰነም። የጃፓንን ሕዝብ የጠየቀው የለም። ካርድ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወጥቶ ወደ መቅደስ ሄደ፣ እዚያ መሳቢያ ውስጥ 12 ዓመት ተቀመጠ፣ በመጨረሻም አንድ ሰው አወጣው። ነገሩ ይኸው ነው ማለት ይቻላል። ዝርዝሩን ግን ማየት ይገባል።

ፍርዱ እና ቀዳዳዎቹ

የቶኪዮው ችሎት ሜይ 3 ቀን 1946 ተከፈተ። ኢቺጋያ በሚባለው ሰፈር፣ የጃፓን ጦር ይጠቀምበት በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ዳኞቹ ከ11 አገሮች የመጡ 11 ሰዎች ናቸው፤ ሰብሳቢያቸው አውስትራሊያዊው ዊልያም ዌብ። ተከሳሾቹ 28 ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ሹሜይ ኦካዋ የተባለው ተከሳሽ ከፊቱ የተቀመጠውን የቶጆን መላጣ በጥፊ መታው። ኋላም የአእምሮ ሕመምተኛ ነው ተብሎ ከክሱ ወጣ። ሁለት ተከሳሾች ችሎቱ ሳያልቅ ሞቱ። ኖቬምበር 1948 የተፈረደባቸው 25 ናቸው፤ ሰባቱ በስቅላት እንዲቀጡ ተወሰነ፣ አሥራ ስድስቱ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፣ ሁለቱ የተወሰነ ዓመት እስር አገኙ። ሰባቱ ዲሴምበር 23 ቀን 1948 ሱጋሞ እስር ቤት ውስጥ ተሰቀሉ። ቀኑ የአልጋ ወራሹ የአኪሂቶ ልደት ነበር። አስከሬናቸው ተቃጠለ፣ አመዱም መቃብር ኖሮ የሐጅ ቦታ እንዳይሆን ከአውሮፕላን ባሕር ላይ ተበተነ።

አሜሪካኖቹ መቃብር እንዳይኖር ይህን ያህል ተጨነቁ። መዝገብ ግን ማንም ትዝ አላለውም።

ፍርድ ቤቱ ቀዳዳ ነበረበት፣ ይህን መካድ አይቻልም። ጦርነቱ በስሙ የታወጀው ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ አልተከሰሰም፤ ጃፓንን የያዘው ጦር አዛዥ አሜሪካዊው ጄኔራል ማክአርተር አገሪቱን ያለ ዙፋን ማስተዳደር ይከብደኛል ብሎ ስላሰበ። ማንቹሪያ ውስጥ በሰው ላይ የጀርም ሙከራ ያደረጉት የ731ኛው ክፍል ሐኪሞች የምርምር ውጤታቸውን ለአሜሪካ ሰጥተው ከቶኪዮው ክስ አመለጡ። ሰባቱ በተሰቀሉ ማግሥት፣ በ«ሀ» ምድብ፣ ማለትም ጦርነቱን በማቀድና በመክፈት፣ ተጠርጥረው ታስረው የነበሩት የቀሩት ሰዎች ያለ ክስ ተለቀቁ። ከእነሱ አንዱ ኖቡሱኬ ኪሺ ነበር፤ የቶጆ የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትር። ከእስር በወጣ በስምንት ዓመቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

ሕንዳዊው ዳኛ ራዳቢኖድ ፓል ደግሞ ከሺህ ገጽ በላይ የልዩነት ሐሳብ ጽፎ ሁሉም ተከሳሾች ነጻ ይውጡ አለ። ፓል ጃፓን ግፍ አልፈጸመችም አላለም። ያለው ጦርነት መክፈት ድርጊቱ በተፈጸመበት ጊዜ በዓለም አቀፍ ሕግ ወንጀል አልነበረም፣ አሸናፊ ተሸናፊን የሚዳኝበት ችሎትም ፍትሕ አይባልም ነው። ዛሬ ያሱኩኒ ግቢ ውስጥ በ2005 የቆመ ሐውልት አለው። ጽሑፉን ሙሉውን ያነበበ ሰው ሐውልቱ አጠገብ ትንሽ ይተክዛል ብዬ እገምታለሁ፤ ናንጂንግ ላይ ስለተፈጸመው ግፍ የጻፈው እዚያ አልተቀረጸማ።

ጃፓን ነጻነቷን የመለሰላት የሳን ፍራንሲስኮ ስምምነት ሴፕቴምበር 8 ቀን 1951 ተፈረመ። አንቀጽ 11 ላይ ጃፓን የፍርድ ቤቶቹን ውሳኔ እቀበላለሁ ትላለች። በነገራችን ላይ ከፈራሚዎቹ 48 የተባበሩ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ በዲሴምበር 1942 በጀርመን፣ በጣልያንና በጃፓን ላይ ጦርነት አውጃ ስለነበር። ከስምምነቱ ሦስት ዓመት በፊት የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን በኢትዮጵያ ጥያቄ ባዶሊዮና ግራዚያኒ ያሉበትን የአሥር ጣልያናውያን ስም ዝርዝር ተቀብሎ ነበር፤ በኢትዮጵያ ላይ ለፈጸመው ግፍ ፍርድ ቤት የቀረበ አንድም የለም። የራሷ ክስ ሳይሰማ በሌላ አገር ፍርድ ላይ ፈረመች። ቻይናና ኮሪያ ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ አልተጋበዙም። ዛሬ ስለ አንቀጽ 11 አብዝተው የሚጮኹት ያኔ ጠረጴዛው ላይ ወንበር ያልተሰጣቸው ናቸው።

ከጡረታ ወደ መቅደስ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

ያሱኩኒ የተመሠረተው በ1869 ነው። ለንጉሠ ነገሥቱ ሲዋጉ የሞቱ ሰዎች ይመዘገቡበታል፤ ዛሬ ከ2.4 ሚሊዮን በላይ ስሞች አሉት። እስከ 1945 ድረስ የሚያስተዳድሩት የጦር ሠራዊትና የባሕር ኃይል ሚኒስቴሮች ነበሩ። ከሽንፈቱ በኋላ አሜሪካኖቹ መንግሥትና ሺንቶ እንዲለያዩ አዘዙ፤ መቅደሱም እንደ ማንኛውም ቤተ እምነት የግል የሃይማኖት ድርጅት ሆነ። አዲሱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 ይህን አጸና።

አንድ ችግር ግን ቀረ። መቅደሱ በጦርነቱ የሞተውን ሰው ሁሉ ስም በራሱ ሊያውቅ አይችልም። የሚያውቀው መንግሥት ነው። ሁለቱ የጦር ሚኒስቴሮች ሲፈርሱ መዛግብታቸውና ብዙ የቀድሞ መኮንኖቻቸው ተዟዙረው የጤናና ደኅንነት ሚኒስቴር ውስጥ፣ ከውጭ የሚመለሱትንና የሟች ቤተሰቦችን የሚረዳ ቢሮ ሆነው ተቀምጠው ነበር። ይህ ቢሮ ከ1956 ጀምሮ የሟቾችን ስም፣ ማዕረግና የሞቱበትን ሁኔታ በካርድ እየሞላ ለመቅደሱ ይልክ ጀመር። መቅደሱም በካርዱ መሠረት ይመዘግባል።

ማን ካርድ ይላክለታል? መለኪያው የጡረታ ሕጉ ነበር። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣመመው። ጃፓን ነጻነቷን በ1952 ስታገኝ እስረኞቹ ይፈቱ የሚል ትልቅ ዘመቻ ተነሣ፤ ሚሊዮኖች ፈረሙ፣ ፓርላማውም ደጋግሞ ውሳኔ አሳለፈ። ይህን የሚያደርጉት ቀኞቹ ብቻ አልነበሩም፤ ሶሻሊስቶቹም አብረው ነበሩ። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ከቶኪዮ ውጭ፣ በየአገሩ በተካሄዱት የ«ለ» እና «ሐ» ምድብ (በእስረኞችና በሲቪሎች ላይ የተፈጸመ ግፍ የሚታይባቸው) ችሎቶች ወደ 5,700 ሰዎች ቀርበው ከ900 በላይ ተገድለዋል። ብዙዎቹ ተራ ወታደሮችና የእስረኛ ጠባቂዎች ናቸው፤ ኮሪያውያንና ታይዋናውያንም አሉባቸው። የመንደሩ ሰው የሚያውቀው «የጦር ወንጀለኛ» ቶጆን ሳይሆን የጎረቤቱን ልጅ ነው። ስለዚህ በ1953 የእርዳታ ሕጉ ተሻሻለ። በወንጀለኛነት ተፈርዶባቸው የተገደሉትና በእስር የሞቱት ቤተሰቦችም እንደ ሌላው ወታደር ቤተሰብ ገንዘብ እንዲያገኙ ሆነ።

ለመበለትና ለወላጅ አልባ ልጅ ጡረታ መስጠት አንድ ነገር ነው። እኔም ብሆን አልቃወምም፤ ልጁ ምን በደለ? ነገር ግን የጡረታው ዝርዝር ሳይታወቅ የአምልኮው ዝርዝር ሆነ። የሕግ አውጪው ርኅራኄ ለዳቦ ነበር፤ ቢሮው ደግሞ ለመሠዊያ ተጠቀመበት።

በ1959 የ«ለ» እና «ሐ» ምድብ ወንጀለኞች መመዝገብ ጀመሩ። በ1966 ደግሞ ሚኒስቴሩ የ«ሀ» ምድቦቹን ካርድ ላከ። በ2007 የጃፓን ፓርላማ ቤተ መጻሕፍት ያሳተመው የሰነድ ስብስብ ሁለቱ ወገኖች ምን ሲነጋገሩ እንደነበር አሳይቷል። የሚኒስቴሩ ሰዎችና የመቅደሱ ሰዎች በየጊዜው እየተገናኙ ይመክራሉ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1969 በተደረገው ስብሰባ የ«ሀ» ምድቦቹ ሊመዘገቡ ይችላሉ በሚለው ተስማሙ፤ ለውጭ ይፋ እንዳይደረግም ተነጋገሩ። ዝም አይነቅዝም እንደሚባለው። ሰነዶቹ ከመውጣታቸው በፊት መንግሥት ምን ሲል ነበር? እኛ መረጃ እንሰጣለን እንጂ ማን እንደሚመዘገብ የሚወስነው መቅደሱ ነው። ሰነዱን ያየ ሰው ይህን መልስ ለመዋጥ ይቸገራል።

በ1970 የመቅደሱ የምእመናን ተወካዮች ጉባኤ «ይመዝገቡ» ብሎ ወሰነ። አጥብቀው ከገፉት አንዱ ካዙኦ አኦኪ ነበር፤ የቶጆ ካቢኔ ሚኒስትር የነበረና ራሱም በ«ሀ» ምድብ ተጠርጥሮ ታስሮ የተለቀቀ። የሟች ቤተሰቦች ማኅበርን ከ1962 ጀምሮ ለዓመታት የመራው ኦኪኖሪ ካያም የቶጆ የገንዘብ ሚኒስትር ነበር። የቶኪዮው ችሎት ዕድሜ ልክ ፈርዶበት፣ ተፈቶ፣ በ1963 የፍትሕ ሚኒስትር ሆኗል። አዎ፣ የፍትሕ።

ሁለት ካህናት

ጉባኤው ጊዜውን ለዋናው ካህን ተወው። ዋናው ካህን ፉጂማሮ ጹኩባ ይባላል፤ ከንጉሣዊ ቤተሰብ የተወለደ፣ የታሪክ ተመራማሪ። ጹኩባ እምቢ አላለም። እሺም አላለም። ካርዶቹን አስቀመጣቸው። በ1965 በግቢው ጥግ ላይ ወዳጅም ይሁን ጠላት በጦርነት የሞተ ሰው ሁሉ የሚታሰብበት ትንሽ መቅደስ ያሠራው እሱ ነው። ማርች 1978 እስኪሞት ድረስ ስሞቹ አልተነኩም።

በጁላይ የተተካው ናጋዮሺ ማትሱዳይራ ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። በባሕር ኃይል ያገለገለ፣ ከጦርነቱ በኋላም የመከላከያ ኃይሉ መኮንን። ለሹመቱ ሐሳብ ያቀረበው የቀድሞው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ካዙቶ ኢሺዳ ነው። የሚስቱ አባት፣ ምክትል አድሚራል ታዳሺጌ ዳይጎ፣ በኔዘርላንድ ወታደራዊ ፍርድ ቤት በጦር ወንጀል ተፈርዶበት በ1947 ተረሽኗል። ማትሱዳይራ ዓላማውን አልደበቀም። ኋላ ላይ እንደጻፈው፣ የቶኪዮው ፍርድ የጫነው የታሪክ አመለካከት ካልተሰረዘ የጃፓን መንፈስ አያንሰራራም ብሎ ያምን የነበረው ገና ሳይሾም ነው። ክርክሩም አለው። ጦርነቱ በሕግ ያበቃው ስምምነቱ ኤፕሪል 28 ቀን 1952 ሲጸና ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት በጠላት እጅ የተሰቀለ ሰው ጦር ሜዳ እንደሞተ ይቆጠራል።

ለክርክሩ አንድ ነገር ልስጠው፤ ቢያንስ ወጥ ነው። ግን ከ14ቱ መካከል ሰባቱ ብቻ ናቸው የተሰቀሉት። አምስቱ ተፈርዶባቸው በእስር ዘመናቸው ታመው የሞቱ ናቸው። ሁለቱ፣ ዮሱኬ ማትሱኦካና ኦሳሚ ናጋኖ፣ ፍርዱ ሳይሰጥ ነው የሞቱት። ማትሱኦካ ወታደር እንኳ አይደለም፤ ከሂትለርና ከሙሶሊኒ ጋር ውል ያሰረ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነው። ቶሺዮ ሺራቶሪ በሮም አምባሳደር ነበር። ከተሰቀሉት አንዱ ኮኪ ሂሮታም ዲፕሎማት ነበር፤ ቤተሰቡ እኛ አልተስማማንም ብሏል። መቅደሱ የቤተሰብ ፈቃድ አያስፈልገኝም ነው የሚለው።

ማትሱዳይራ በሥራው በገባ በሦስት ወሩ ጨረሰው።

የንጉሠ ነገሥቱ ቅሬታ

ሂሮሂቶ ከጦርነቱ በኋላ ስምንት ጊዜ ያሱኩኒ ሄዷል። የመጨረሻው ኖቬምበር 21 ቀን 1975 ነው። ከዚያ በኋላ እስኪሞት አልሄደም። ለምን? ለዓመታት የተለያየ ግምት ሲሰጥ ቆየ። ጁላይ 20 ቀን 2006 ኒኬይ ጋዜጣ የቤተ መንግሥቱ ሹም የነበረው ቶሞሂኮ ቶሚታ የያዘውን ማስታወሻ አወጣ። በ1988 የተጻፈ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የ«ሀ» ምድቦቹ መግባታቸውን፣ ያውም ማትሱኦካና ሺራቶሪ ሳይቀሩ፣ በቅሬታ ያነሣል። ጹኩባ በጥንቃቄ ይዞት ነበር፣ የማትሱዳይራ ልጅ (ዋናው ካህን ናጋዮሺ) ግን ምን አስቦ ነው ይላል። አባትየው የመጨረሻው የቤተ መንግሥት ሚኒስትር ነበሩና ልጅ የወላጁን ልብ አያውቅም ብሎ ያዝናል። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም፣ ልቤ ይኸው ነው ይላል።

አስቡት። መቅደሱ የተሠራው ለእሱ ለሞቱት ነው። እሱ ራሱ ግን ከ1975 በኋላ በሩን አልረገጠም። ልጁ አኪሂቶም በነገሠባቸው ዓመታት አንድም ጊዜ አልሄደም። ማስታወሻው በወጣ ማግሥት የኒኬይ ዋና መሥሪያ ቤት ላይ ሰው ተቀጣጣይ ጠርሙስ ወረወረ። በሚቀጥለው ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ኮይዙሚ በኦገስት 15 መቅደሱን ጎበኘ፤ የተቃወመው የራሱ ፓርቲ ፖለቲከኛ ኮይቺ ካቶ የቤተሰብ ቤት በአንድ ቀኝ አክራሪ ተቃጠለ። አንዳንዴ ንጉሠ ነገሥቱን እናከብራለን የሚሉት ሰዎች የትኛውን ንጉሠ ነገሥት እንደሚያከብሩ ግራ ይገባኛል።

እርግጥ የሂሮሂቶ ቅሬታም በጥሞና መታየት አለበት። ራሱ ሳይከሰስ የቀረ ሰው በተከሰሱት ላይ መፍረዱ ነው። ሰባቱ ሰዎች ሲሰቀሉ ኃላፊነቱን ከዙፋኑ ላይ ተሸክመው ሄደዋል። የቶኪዮው ችሎት እሱን ባለመጥራቱ ነው «ፍርዱ ግማሽ ነው» የሚሉት ቀኞችም ግራዎችም ክርክር ያገኙት፤ ግራዎቹ የሚጠይቁት ሌላውን ግማሽ ነው፣ ቀኞቹ ደግሞ የተፈረደውንም ማስቀረት።

ፖለቲካው

ይህን ክፍል በአጭሩ ልለፈው፣ ብዙ ተጽፎበታል። ዜናው ከወጣ በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትሮች ሲሄዱ ቻይና ለጥቂት ዓመታት ዝም ብላ ነበር። ነገሩ የፈነዳው ያሱሂሮ ናካሶኔ ኦገስት 15 ቀን 1985 በይፋ፣ በጠቅላይ ሚኒስትርነቴ ሄድኩ ሲል ነው። ቤጂንግ ውስጥ ተማሪዎች ወጡ፣ እሱም ተወው። ጁኒቺሮ ኮይዙሚ ከ2001 እስከ 2006 በየዓመቱ ሄደ። ሺንዞ አቤ፣ የዚያ የኪሺ የልጅ ልጅ፣ በዲሴምበር 2013 ሲሄድ አሜሪካም ቅር ብሎኛል አለች።

አስገራሚው የሁለቱ አነጋገር ነው። ኮይዙሚ በ2005 ፓርላማ ውስጥ ተጠይቆ የ«ሀ» ምድቦቹን የጦር ወንጀለኞች ናቸው ብዬ ነው የማየው አለ፤ እየሄደም። አቤ በ2006 በአገር ውስጥ ሕግ ወንጀለኞች አይደሉም አለ። መንግሥት አንቀጽ 11ን ተቀብያለሁ ይላል፤ በዚያው አፉ ቅጣቱ በጃፓን ሕግ የተሰጠ አይደለም ይላል። ሁለቱም በሕግ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ለዚህ ነው ከሰባ ዓመት በላይ እንዲህ መኖር የተቻለው።

ታዲያ ስሞቹን ለምን አያወጧቸውም? ሐሳቡ በተደጋጋሚ ቀርቧል፤ የሟች ቤተሰቦች ማኅበርን የመራው፣ አባቱ ፊሊፒንስ የሞተበት ማኮቶ ኮጋ እንኳ ይለዩ ብሏል። መቅደሱ አይቻልም ይላል። አንዴ የተቀላቀለ ነፍስ አይለይም። መንግሥትስ? መንግሥት የሃይማኖት ድርጅትን ማዘዝ አይችልም፤ አንቀጽ 20። ሃይማኖትና መንግሥት እንዳይነካኩ የተጻፈው አንቀጽ የመንግሥት ቢሮ በካርድ የጀመረውን ነገር የሚጠብቅ አጥር ሆኖ አረፈው።

ይህን አጥር ከሁሉ በላይ ያወቁት ኮሪያውያን ናቸው። መዝገቡ ውስጥ ወደ 21,000 ኮሪያውያንና ወደ 28,000 ታይዋናውያን አሉ። ብዙዎቹ ተገደው የተመለመሉ፣ አገራቸውን በያዘው ሠራዊት ውስጥ የሞቱ ሰዎች ናቸው። ቤተሰቦቻቸው ሳይጠየቁ ስማቸው በዚያው የሚኒስቴሩ ካርድ ሄዶ ከቶጆ ጋር ተቀምጧል። በሕይወት ያለ ኮሪያዊ ስሙን መዝገቡ ላይ አግኝቶ ከሷል። መቅደሱ የሚሰጠው መልስ ያው ነው፤ አይለይም። ቤተሰቦች ከ2001 ጀምሮ በጃፓን ፍርድ ቤቶች ሲከራከሩ ቆይተዋል። ጃንዋሪ 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአንዱን ቡድን ክስ የይግባኝ መጨረሻ ላይ ዘጋው። ምክንያቱ የእምነት ነጻነት አልነበረም። የካሣ መጠየቂያው የ20 ዓመት ጊዜ አልፏል ነው የተባለው። ከአራቱ ዳኞች አንዱ አልተስማማም፤ ጉዳዩ ወደ ታችኛው ፍርድ ቤት ተመልሶ ይመርመር የሚል የተለየ ሐሳብ ጽፏል።